የቀኝ ጉንጭ ጠባሳ

አለቃ ገብረኪዳን የተቀረጸውን ሳንቃ ከሙላቴ እጅ ነጠቁና አገላብጠው አዩት። ከዚያ እሳቱ ውስጥ ወረወሩት። ሳንቃው የተልባ ዘይት ጠጥቶ ስለነበር ወዲያው ቦግ አለ። ሙላቴ ሊያወጣው እጁን ሲሰድ አለቃ በመቋሚያቸው አንጓውን መቱት።

«ይንደድ ተወው!» አሉ። «የሰማዕቱን መልክ እንደ በሬ ታፋ ልትተኩሰው ነው? ሥዕል በጾም በጸሎት፣ አንድ በአንድ ነው የሚሣል። ይኼ ያንተ ነገር ምልክት ነው። ምልክት ደግሞ ለከብት ነው።»

«የኔታ፣ እሳት የለበትም እኮ። እንጨትና ቀለም ብቻ ነው። አንዴ ከተቀረጸ መቶ ሰው...»

«መቶ ሰው ምን ያድርገው? እንደ በርበሬ ዛላ በየደጁ ያንጠልጥለው? ውጣልኝ! ብሩሽህንም ይዘህ ውጣ። ከዛሬ ወዲያ የኔታ ብለህ እንዳትጠራኝ።»

ይህ የሆነው በጣሊያን ዘመን፣ በ፲፱፻፴ ዓመተ ምሕረት፣ መስቀል እንዳለፈ ነው። ቦታውም ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ በሚወጣው መንገድ ዳር ያለችው ወይራ ማርያም ናት። ሙላቴ ታደሰ ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልፎታል። ድቁና ተቀብሎ ዜማው አልገባ ሲለው ወደ ሥዕል የዞረ፣ ዝምተኛና ግትር ጎልማሳ ነበር። አለቃ በአገሩ የታወቁ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው፤ ሙላቴ ከእሳቸው ዘንድ ቆዳ እየቀቀለ ሙጫ ሲያወጣ፣ ቀለም ሲፈጭ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን አቡጀዲ ሲወጥር ነው የጎለመሰው።

ጠባቸው የመጣው ከጦርነቱ ጋር ነው። መንገዱ ሲዘጋ ከምጽዋ ቀለም የሚያመጡት ነጋዴዎች ቀሩ። ሰማያዊው አለቀና በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተጀመረችው እመቤታችን መጎናጸፊያዋ ሳይሞላ ቀረች። አለቃ ከዚያ ወዲህ ቁጡ ሆኑ። ጠዋት ጠዋት ግድግዳው ፊት ይቆሙና፣ ያላለቀውን ሥራ ትክ ብለው አይተው፣ መጀመሪያ ያገኙትን ሰው ሰድበው ይመለሳሉ።

ሙላቴ ደግሞ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንለትም። ከገደል ቀይ አፈር ቆፍሮ፣ አጥልሎ፣ በእንቁላል አስኳል ለወሰው፤ ሲደርቅ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጠቀ። በፍየል ቆዳ ሙጫ ለወሰው፤ አማረ፣ ግን አይጥ ልሶ ጨረሰው። የእንሶስላ ሥር ቀቀለ፤ ሲቀባ ደም የመሰለው ፀሐይ ሲያየው አተላ ሆነ። አለቃ ይህን ሁሉ በጎን እያዩ ዝም ብለዋል። ሥራ ፈት ከመሆን ይሻላል ብለውም ይሆናል።

አንድ ቅዳሜ ጣሊያን በደብረ ታቦር ገበያ አዋጅ ለጠፈ። ሰው ሁሉ በጎሪጥ እያየ ሲያልፍ ሙላቴ ግን ተጠግቶ፣ ከጽሕፈቱ በላይ ያለው የንስር ሥዕል ላይ አፈጠጠ። ቀጥሎ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውም ንስር ያው ነው፤ ከላባው አንድ አልጎደለ፣ አንድ አልተረፈ። አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ አሸው። ቀለሙ አልለቀቀም። ውሃ የማይፈራ ከሆነማ ዘይት አለው ማለት ነው ብሎ እያሰላሰለ ሲሄድ የናቱን ቤት አልፎ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ እንጨት መቅረጽ ያዘ። ወይራው ጠነከረበት። ጥዱ እየተላጠ አስቸገረው። እርጥቡ ባሕር ዛፍ ቢላዋ ሲያርፍበት እንደ አይብ ይቆረጣል፣ ሲደርቅ ግን ከመካከሉ ተተረተረ። በመጨረሻ ዋንዛ እሺ አለው። የመጀመሪያው ቅዱስ ጊዮርጊስ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ጦሩ በግራ እጁ ሆነ፤ ስሙም ተገልብጦ አልነበብ አለ። ሙላቴ «ሰማዕቱን ግራኝ አደረግሁት!» ብሎ ብቻውን ሳቀ። ከዚያ በኋላ አስቀድሞ እየገለበጠ መቅረጽ ተማረ፤ እንጨቱ ላይ ግራ የሆነ ወረቀቱ ላይ ቀኝ ይሆናል፣ እንጨቱ ላይ ቀኝ የሆነ ደግሞ ግራ።

ቀለሙ የባሰ አታገለው። ጥላሸትን በውሃ ቢበጠብጠው በቅርጹ ጎድጓዳ ውስጥ ኩሬ ሠራ። በቅቤ ቢለውሰው ወረቀቱ ላይ እንደ ወዝ ተንሰራፋ። የተልባ ዘይት ጥሬውን ሲሆን ሳምንት ቢቆይም አልደርቅ አለው። ዘይቱን እንደ ማር እስኪሳብ ድረስ አፈላው፣ እሳት ያዘበት፣ ቅንድቡንም ለበለበው፤ የቀዘቀዘውን ከጥላሸት ጋር ፈጭቶ ሳንቃው ላይ በስሱ ቀባ። ከጣሊያን ምሽግ የሚጣለውን የስኳር መጠቅለያ ወረቀት ደርቦ በቀንድ ማንኪያ ጀርባ አሸው። ወረቀቱን ሲገልጠው ሰማዕቱ ጥርት ብሎ፣ ጦሩን በቀኝ እጁ ይዞ ወጣ። ሙላቴ እየሮጠ ወስዶ ለአለቃ ያሳየው ይህን ነበር። አለቃም ያቃጠሉት ይህንኑ ሳንቃ ነው።

ከወይራ ማርያም ከተባረረ በኋላ እናቱ ዘንድ ተመለሰ። እናቱ ውዴ ባሏ ከሞተባት ወዲህ ብቻዋን ትኖር ነበር። ሙላቴ ሌላ ሳንቃ ቀረጸና የሰማዕቱን ሥዕል እያተመ ለጎረቤት አደለ። ሰው በደስታ ወሰደለት፤ ግድግዳው ላይ ሰቀለ፣ ሳመ። ነገር የመጣው ከዚህ ነው። ባንዶች አንድ ቤት ሲፈትሹ ሥዕሉን አገኙና ወደ ምሽጉ ወሰዱት። እዚያ በላይነህ አየው።

በላይነህ ከሙላቴ ጋር በአንድ ወፍጮ ቀለም የፈጨ ሰው ነው። ጣሊያን ሲገባ አስመራ ካደገ አጎቱ የለቃቀማትን ጣልያንኛ ይዞ አስተርጓሚ ሆነ። ሥዕሉን እንዳየ የማን እጅ እንደሆነ አወቀ። በማግስቱ ከሁለት ባንዶች ጋር ውዴ ደጅ ላይ ቆመ።

«ሙላቴ! ና ውጣ። ካፒቴኑ ይፈልግሃል።»

«ምን አድርጌ?»

«ጥሩ ነገር አድርገህ። ጥሩ ነገር ባታደርግ ኖሮ በእግርህ አልወስድህም ነበር።»

ካፒቴኑ ቀጭን፣ ሳል የማይለቀው ሰው ነው። የሰማዕቱን ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በጥፍሩ ይቧጭረዋል። የሚናገረው ሙላቴን ሳይሆን ሥዕሉን እያየ ነው። በላይነህ እየተከተለ ያስተረጉማል።

«ይኼን በስንት ቀን ሠራኸው? ይላል። ሌላ ፊት መቅረጽ ትችላለህ? ይላል።»

«የማን ፊት?»

በላይነህ ይህን ማስተርጎም አላስፈለገውም። «የፊታውራሪ ደምሴን» አለ። «በገሳይ መንገድ ካሚዮን የሚያቃጥለውን። ፎቶግራፍ የለውም። መልኩን የሚናገር ሰው ጠፍቷል፤ ጉንጩ ላይ ጠባሳ አለው ይባላል፣ ሌላ የለም። አንተ ግን በቅርብ አይተኸዋል። አባትህን ሲያስገርፍ እግሩ ሥር አልነበርህም?»

ነበረ። በጦርነቱ መጀመሪያ ደምሴ ለሠራዊቱ ስንቅ ሲሰበስብ የሙላቴ አባት ታደሰ ዋሴ የዘር ገብሱን ደበቀ። ተገኘበት። ሙላቴ ድንጋይ ተሸክሞ፣ በደምሴ እግር ሥር ወድቆ፣ ቀና ብሎ ፊቱን እያየ ለምኖ ነበር። ከግራ ዓይኑ ሥር ጀምሮ እስከ አገጩ የወረደውን የጎራዴ ጠባሳ፣ የተጎነጎነ ጠጉሩን፣ ሰፊ አፍንጫውን አልረሳም። የደምሴ ፊት ግርፋቱ እስኪያልቅ ድረስ ንቅንቅ አላለም። አባቱ ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ ሳይሄድ በክረምቱ ሞተ።

«እምቢ ብልስ?»

በላይነህ ለካፒቴኑ ሳይናገር ራሱ መለሰለት። «እምቢ ካልህ የናትህ ቤት ይቃጠላል። አንተም ትሰቀላለህ። ደግሞ ለምን እምቢ ትላለህ? የአባትህን ደም በእጅህ ሰጡህ።»

እናቱም ያንኑ ነው ያለችው። ባንዳው ደጅ ላይ ጠመንጃውን ይዞ ቆሞ ሳለ፣ ሙላቴ ሳንቃውን ሲፍቅ ከአጠገቡ ተቀመጠች።

«ቅረጸው» አለችው። «በአንድ ዓይን አድርገህ ቅረጸው። ይሁዳን በአንድ ዓይን አይደል የምትሥሉት? እሱንም እንደዚያ አድርገው። የአባትህን ጀርባ በትኩስ ውሃ ያጠብሁ እኔ ነኝ። አንተ አላየኸውም፣ ፊትህን አዙረህ ነበር።»

«እማ፣ የሚሰቅሉት እኮ ጣሊያኖች ናቸው።»

«ማን ቢሰቅለው ምን ቸገረኝ? ገመድ ገመድ ነው።»

«የኛን ቂም እነሱ ይወጡት? ነገ ደግሞ አንቺንስ በማን ገመድ...»

«አባትህን አትወደውም ነበር!» ብላ ጮኸች። ሙላቴ ቢላዋውን አስቀመጠና እናቱን አያት። እሷም ተነሥታ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ምግቡን አቅርባለት ትሄዳለች እንጂ አታናግረውም።

ሙላቴ ሥራውን አጓተተ። መጀመሪያ ፊቱን በከሰል ወረቀት ላይ ሣለው። ሲጨርሰው ራሱ ደነገጠ፤ ደምሴ ቁጭ ብሎ ያየዋል። በጣም ከመምሰሉ የተነሣ ሊተፋበት ቃጣው። ይህን ፊት ጠልቶ ጠልቶ በልቡ ይዞት ስለኖረ ከቅዱሳኑ ሁሉ የበለጠ አውቆታል። ወረቀቱን ገልብጦ ሳንቃው ላይ ቢያስተላልፈው ጠባሳው በእውነተኛው ቦታ፣ በግራ ጉንጭ ላይ ይታተማል። ሳይገለብጠው እንዳለ ቢቀርጸው ግን በቀኝ ጉንጭ ላይ ይውላል።

ወረቀቱን አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ ሲያደርግ ቆየ። ደምሴን ሊያድነው ፈልጎ አልነበረም። ደምሴ ገደል ገብቶ ቢሞት እልል ይል ነበር። ነገር ግን የካፒቴኑ ጥፍር ሥዕሉን ሲቧጭር ትዝ አለው። የአባቴ ጀርባ ለዚህ ሰው መንገድ መጥረጊያ አይሆንም ሲል በልቡ ማለ። «ሽፍታው ደምሴ» የሚለውን ጽሕፈት ገልብጦ ቀረጸ፤ ያ ካልተነበበ ወዲያው ይያዛልና። ፊቱን ግን ሳይገለብጥ፣ እንዳየው ቀረጸው።

ካፒቴኑ ሥዕሉን አይቶ ራሱን በደስታ ነቀነቀ። በላይነህም «ራሱ ነው!» አለ፤ ደምሴን አይቶት ግን አያውቅም። ወታደሮች ሙላቴን አቁመው ብዙ ወረቀት አሳተሙትና በደብረ ታቦር ገበያ፣ በገሳይ፣ በየመንገዱ ዳር ባለ ዛፍ ላይ ለጠፉት። ደምሴን የሚያውቅ ሰው እየተጠጋ ያየዋል፤ መልኩን ያውቃል፣ ጠባሳው የት እንደዋለም ያያል፤ ከዚያ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ይሄዳል። ሙላቴን ግን ሰላም የሚለው ጠፋ። ሳንቃውን የቀረጸው እሱ መሆኑ አንድ ሰሞን ሳይሞላ አገር ሁሉ ሰምቶ ነበር። ሲያልፍ ሴቶች ደጃቸውን ይዘጋሉ፤ የሰማዕቱን ሥዕል የወሰዱትም ከግድግዳቸው አወረዱት።

አንድ ጠዋት አንዲት ሴት ደጁን በድንጋይ ደበደበች። ሙላቴ ሲከፍት አያውቃትም። ፀጉሯን ነጭታለች፤ ነጠላዋ መሬት ለመሬት ይጎተታል።

«ባሌን የሣልኸው አንተ ነህ?»

«ማን ነው ባልሽ?»

«ጌጡ! የገሳዩ ጌጡ! ትናንት ገበያ ላይ ያዙት። ወረቀቱን ከፊቱ አጠገብ አድርገው ያዩና ይስቃሉ። ቀኝ ጉንጩን በልጅነቱ በሬ ወግቶት ነው። በሬ! ምን አደረገህ? ምን በደለህ?»

ሙላቴ ደጁን ይዞ ቆመ። ጌጡ የሚባል ሰው በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። በቀኝ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለበት ሰው በዚህ አገር ሊኖር እንደሚችል አንድም ጊዜ አላሰበም።

«እህቴ፣ እኔ ባልሽን አላውቀውም...»

«እህቴ አትበለኝ!» የያዘችውን ድንጋይ ወረወረችበት፤ ትከሻውን አገኘው። «ብዙነሽ ነው ስሜ። ስሜን ያዘው፤ ረግሜሃለሁና ማን እንደረገመህ እወቅ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ሊሰቅሉት ነው።»

ሙላቴ መሄጃ ሲያጣ ወደ ወይራ ማርያም ሄደ። አለቃ ገብረኪዳንን ከካህናቱ ጋር ከምሽጉ ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኛቸው። ጌጡ የደብሩ ልጅ ነው፣ ደምሴ አይደለም ብለው ሊመሰክሩ ሄደው በሰደፍ ተባረው መመለሳቸው ነው። የአንዱ ቄስ ጥምጥም ጭቃ ሆኗል። ሙላቴ ከመንገዱ ዳር ወርዶ እጅ ነሣ።

አለቃ ሳይቆሙ «ምልክትህ ሰው ላይ ዋለ» አሉት። «ደስ ይበልህ።»

«የኔታ፣ የተገለበጠ ነው። እንዳይገኝ ብዬ ነው የገለበጥሁት።»

አለቃ ቆሙ። ካህናቱም ቆሙ። አለቃ ነገሩን በልባቸው ሲያዞሩት ቆዩና ፊታቸው ጠቆረ። «ታዲያ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለእነሱ ሄደህ ንገራቸው።»

«ብነግራቸው የደምሴን ትክክለኛ መልክ ሰጠሁ ማለት ነው። ባልነግራቸው ጌጡ ይሞታል።»

«እኔ ዘንድ የመጣኸው ግዝት ፍለጋ ነው? ይኼን ጣቴን ልቀስርልህና በእኔ ልታላክክ ነው? አላደርገውም። ሳንቃውን ስትቀርጽ አላማከርኸኝም። ሂድ፣ ከዓይኔ ጥፋ።»

ሄዱ። ሙላቴ መንገዱ ላይ ብቻውን ቀረ። የሚጠላው ሰው ጫካ ውስጥ ጠመንጃና ሠራዊት አለው፤ ጌጡ ግን ገመድ ብቻ ነው የሚጠብቀው። ይህን ሲያስብ እግሩ ወደ ቤት መለሰው። እዚያ የቀረውን ሳንቃ ከአንድ የታተመ ወረቀት ጋር በቁራጭ አቡጀዲ ጠቅልሎ ወደ ምሽጉ ወጣ።

ምሽጉ ያን ዕለት ተተራምሶ ነበር። ከገሳይ በኩል ቁስለኛ የጫነ ካሚዮን ገብቷል። ደምሴ መንገድ ላይ ጠብቆ ተኩሶባቸዋል። ካፒቴኑ ከጽሕፈት ቤቱ ደጅ ላይ ቆሞ እየሳለ ይጮኻል፤ በላይነህ ከአጠገቡ አመድ መስሏል። ካፒቴኑ ለጎንደር አለቆቹ ደምሴን ያዝሁ ብሎ አስታውቆ ነበረና ነገሩ የውርደት ሆነበት። በሩ አጠገብ ጌጡ እጁን የፊጥኝ ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱ አብጦ ጠባሳው አይለይም።

ሙላቴ «በላይነህ፣ ይኼን ንገርልኝ» አለ። «ያ ሰው ደምሴ አይደለም። ሥዕሉ ግራ ቀኙ የተገለበጠ ነው። የደምሴ ጠባሳ በግራ ጉንጩ ነው።»

በላይነህ ጥቅልሉን ከሙላቴ እጅ ነጠቀና ፈትቶ ሳንቃውን አየ። ጽሕፈቱን አየ። ሙላቴን አየ። ድሮ አብረው ቀለም ፈጭተዋልና እያወቀ እንዳደረገው ወዲያው ገባው።

«አንተ ሰውዬ» አለ በዝግታ፣ «ሁለታችንንም ነው የገደልኸን። ራሱ ነው ብዬ የመሰከርሁ እኔ ነኝ።»

«ንገረው።»

ካፒቴኑ ጮኾ ጠየቀ። በላይነህ ረጅም ነገር ተናገረ። ሙላቴ ጣልያንኛ አይሰማም፤ ነገር ግን በላይነህ ጽሕፈቱን እያሳየ፣ ከዚያ የሙላቴን ራስ በጣቱ እየጠቆመ፣ ድንጋይ ራስ ነው በሚል ምልክት ሲናገር አየው። በኋላ እንደሰማው በላይነህ ያለው፣ ይኼ መሃይም ጽሕፈት መገልበጥ ከቄሶች ለምዷል፣ ፊት መገልበጥ እንዳለበት ግን አላወቀም ነው። ሙላቴን ለማዳን አልነበረም። እያወቀ ነው ቢል የራሱም አንገት አይተርፍም ነበር።

ካፒቴኑ ሳንቃውን ከወረቀቱ አጠገብ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየ። ሳሉ እንኳ ቆመለት። ይህን ቀድሞ ራሱ ማየት ይገባው እንደነበር ሳይገባው አልቀረም፤ ወታደሮቹ ፊት ጆሮው ቀላ። ሳንቃውን አንሥቶ በሙላቴ ፊት ላይ አሳረፈው። ሙላቴ ወድቆ ሲነሣ ሁለት የፊት ጥርሶቹ መዳፉ ላይ ነበሩ።

ጌጡን ፈቱት። ሙላቴ አጠገብ ሲያልፍ ባበጠ ዓይኑ አየው። ከደጅ ስትጠብቅ የዋለችው ብዙነሽ ባሏን ደግፋ ይዛ ሄደች። ወደ ኋላ አልዞረችም።

ሙላቴን ግን አላስወጡትም። አዲስ ሳንቃ፣ አሁን በትክክል፣ እንዲቀርጽ ታዘዘ። እሱም ዋንዛ ጠፋ አለና ከምሽጉ ጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ እርጥቡን አስቆርጦ ቀረጸ። እየተቆጡ ይጠብቁታል፤ ፊቱን አሳምሮ ይጨርሰዋል፤ ለማተም ሲሰናዳ ሳንቃው ከአፍንጫው ላይ ይተረተራል። ሌላ ይቀርጻል። ያም ይሰነጠቃል። «የአገሩ እንጨት ክፉ ነው» ይላል ለበላይነህ። በላይነህም የሰማውን ያስተረጉማል እንጂ የሙላቴን ዓይን አያይም። ካፒቴኑ በመጨረሻ ተሰላችቶ ሙላቴን ከእስረኞች ጋር መንገድ እንዲሠራ ላከው።

በዚያው ሰሞን የውዴ ቤት ነደደ። ያቃጠሉት ጣሊያኖች አይደሉም። የደምሴ ሰዎች ናቸው። ሠዓሊው ምሽግ ገብቶ ጠባሳው በየት እንዳለ ተናገረ የሚለው ወሬ ጫካ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ በፊት የሆነውን የነገራቸው የለም። ውዴ ወጥታ ተርፋ ከአንድ ዘመዷ ዘንድ ተጠጋች።

ሙላቴ ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ድንጋይ ሲፈልጥ ኖረ። በ፲፱፻፴፫ ዓመተ ምሕረት ደብረ ታቦር ነፃ ስትወጣ እሱም ከካምፑ ወጣ። እጁ ብሩሽ የማይይዝ ሆኖ ሻክሯል። ከናቱ ጋር የተቃጠለውን ቤት መልሰው ሲሠሩ፣ የፊታውራሪ ደምሴ ወታደሮች መጥተው ወሰዱት። ደምሴ በሜዳ ላይ ለባንዶች ችሎት አስችሎ ነበር። በላይነህ ከካፒቴኑ ጋር ሸሽቶ አልተገኘም፤ ሠዓሊው ግን ተገኘ።

ደምሴ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሽበት ወርሶታል። ጠባሳው በግራ ጉንጩ ላይ ነው።

«ጠባሳዬ በግራ ነው ብለህ ለጣሊያን የተናገርህ አንተ ነህ?»

«አዎ ጌታዬ።»

ሰው አጉረመረመ። «ይሰቀል!» ያለም አለ። ከሰው መሃል ጌጡ ወጣ።

«ይፍቀዱልኝ» አለ። «ይኼ ሰው የተናገረው እኔ ልሰቀል ስለነበር ነው። ያስያዘኝ እሱ ነው፣ ያስፈታኝም እሱ ነው። ወዳጄ አይደለም። ግን በሐሰት አይሙት። ከካህናቱ እንደሰማሁት፣ መጀመሪያ በቀኝ አድርጎ የቀረጸው አንቱን ሊሰውር ነው።»

ደምሴ ወደ ሙላቴ ዞረ። «እውነት ነው? ለእኔ ብለህ ነው?»

አዎ ቢል ተሸልሞ ሸማ ይለብስ ነበር። ሙላቴ ይህን አውቆታል።

«አይደለም ጌታዬ። ለአንቱ ብዬ አይደለም። የአባቴን ቂም ጣሊያን እንዳይወጣልኝ ብዬ ነው። የታደሰ ዋሴ ልጅ ነኝ።»

ደምሴ ቅንድቡን ሰበሰበ። «ታደሰ ዋሴ ማነው?»

ሙላቴ መጀመሪያ ያልሰማ መሰለው። ይህን ፊት ከእንጨት ላይ እስኪፈለቅቀው ድረስ ሲያውቀው፣ ፊቱ እሱን አያውቀውም።

«የዘር ገብሱን ስለደበቀ አንቱ ፊት የተገረፈ ነው። በዚያው ሞተ።»

«ያን ጊዜ ብዙ ሰው ተገርፏል» አለ ደምሴ። «ሠራዊት ያለ ስንቅ አይዋጋም። አሁን ምን ትላለህ? ይቅር ብዬሃለሁ ትላለህ?»

«አልልም።»

አንዱ ወታደር ሊመታው እጁን አነሣ። ደምሴ በእጁ ከለከለው። «ልቀቁት» አለ። «ሂድ። ሁለተኛ ፊቴ እንዳትቆም።»

«እኔም አልሻም ጌታዬ» አለና ሙላቴ ሄደ። ጌጡን ሲያልፈው ራሱን ዝቅ አደረገለት። ብዙነሽ ከባሏ ኋላ ቆማለች፤ ፊቷን አዞረች።

ቤት ሲደርስ ውዴ ጭቃ ስትረግጥ ነበር። እግሯን ሳታቆም «ምን አለህ?» ብላ ጠየቀችው።

«አላወቀውም።»

«ማንን?»

«አባቴን። ስሙን ነግሬው ማነው አለኝ።»

ውዴ ቆመች። ሙላቴ እንደ ድሮው ትጮኻለች ብሎ ጠበቃት። እሷ ግን ወደ ጭቃው አጎንብሳ አየችና «ገለባው አንሷል» አለች። «ሂድና ጨምርበት፤ እንዲህ ከተለሰነ ክረምቱ ያወርደዋል።»

«በቂ ነው እማ።»

«አንተ ስለ ጭቃ ምን ታውቃለህ? ጨምር ብያለሁ!»

ሙላቴ ገለባውን አመጣና በተነ። እስኪመሽ ድረስ እየተነታረኩ አንዱን ግድግዳ ለስነው ጨረሱ።